«አንዴ ነይ!»፦ ሴቶች በጌም ውድድር ለምን ወደ ኋላ ይቀራሉ?

 

ዛሬ ይዘንላችሁ የመጣነው ርዕስ ብዙዎቻችሁን «ደግሞ ይሄ ምን ቁም ነገር አለው?» የሚያሰኝ ነው። የምናወራው ስለ ጌም ነው፤ በተለይ ደግሞ ሴቶች ቡድን መሥርተው ስለሚወዳደሩበት ጌም። ርዕሱን አይታችሁ ከማለፋችሁ በፊት እስከ መጨረሻው አንብቡን፤ ከዚያ በኋላ ፍረዱን።

እኛ አምስት ነን። ከአንድ እናት አልተወለድንም፣ ግን እህትማማቾች ሆነናል። ሁለታችን የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ነን። አንዳችን መርካቶ የሞባይል ዕቃ መሸጫ ውስጥ እንሠራለን፤ አንዳችን ልብስ እንሰፋለን። አምስተኛዋ ዲግሪዋን ይዛ ሁለት ዓመት ሥራ ስትፈልግ ቆይታ፣ ዘንድሮ ለቤት ሠራተኝነት ሪያድ ገብታለች። የምንጫወተው ሞባይል ሌጀንድስ የሚባለውን ጌም ነው።

ለማታውቁት ባጭሩ እንንገራችሁ። አምስት ሰው ለአምስት ሰው ይገጥማል። እያንዳንዱ ቡድን የራሱን ምሽግ እየጠበቀ የተቃራኒውን ማማዎች ያፈርሳል። የመጨረሻውን ምሽግ ቀድሞ ያፈረሰ ያሸንፋል። አንድ ጨዋታ ብዙ ጊዜ 15 ደቂቃ ገደማ ይፈጃል። በእጅ ስልክ ነው የሚጫወቱት፤ ውድ ኮምፒውተር አያስፈልገውም። አምስቱም ሰዎች የተለያየ ሥራ አላቸው። ጫካ ለጫካ እየዞረ ጉልበት ሰብስቦ ሳይታሰብ ከጎን የሚያጠቃው ጃንግለር ይባላል፤ ጓደኞቹን እየተከተለ የሚከላከለው ደግሞ ሮመር ይባላል። አንዱ ከጎደለ አራቱ ምንም ያህል ጎበዝ ቢሆኑ ሽንፈቱ አይቀርም ማለት ይቻላል።

የተገናኘነው በአንድ የቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ ነው። ግሩፑ በወንዶች የተሞላ ነበር። ማንም ሴት መሆናችንን አያውቅም። በአማርኛ «እኔ» ፆታ የለውም አይደል? «ተጫወትኩ፣ አሸነፍኩ፣ ተሸነፍኩ» ብሎ የሚጽፍ ሰው ወንድም ሊሆን ይችላል፣ ሴትም። ሁሉም «አንተ» እያለ ሲያናግረን ሳናርመው እንመልስ ነበር። አንድ ቀን ከመሃላችን አንዷ ለሌላዋ በውስጥ መስመር «ይቅርታ፣ አንተ ነህ ወይስ አንቺ ነሽ?» ብላ ጻፈችላት። መልሱ «አንቺ ነኝ። አንቺስ?» የሚል ነበር። ሁለት ሆንን። ከዚያ ሦስት፣ አራት እያልን በሁለት ወር ውስጥ አምስት ሞላን።

እስቲ አስቡት! አምስታችንም እዚያው ግሩፕ ውስጥ ነበርን፤ እያንዳንዳችን ግን «ሴት እኔ ብቻ ነኝ» ብለን እናስብ ነበር።

ወንዶቹ የት ተማሩት?

ሰፈራችሁ ያለውን ፕሌይስቴሽን ቤት ታውቁታላችሁ። ጠባብ ክፍል ናት፤ ሦስት አራት ስክሪን፣ አግዳሚ ወንበር፣ በእጅ ብዛት ያረጀ ጆይስቲክ። ትንሹ ልጅ መጀመሪያ ቆሞ ያያል። ትልልቆቹ ሲጫወቱ ይሰማል፤ «እንዲህ አታድርግ፣ ቶሎ አቀብል» ሲባባሉ ይማራል። ቀስ ብሎ ለአንድ ጨዋታ የሚከፈል ሳንቲም ይዞ ይመጣና ይሸነፋል። በማግስቱም ይመጣል፣ ይሸነፋል። ከዓመት በኋላ ግን እሱ ራሱ ሌላውን ትንሽ ልጅ ያስተምራል።

ሴት ልጅ እዚያ ቤት አትገባም። ማንም በር ላይ ቆሞ አልከለከላትም፤ የሚል ጽሑፍም አልተለጠፈም። እሷም አትገባም፣ እኛም አልገባንም፤ ብንገባም ወሬው ከእኛ ቀድሞ ቤት ይደርስ ነበር። ይህን የምንለው «ፕሌይስቴሽን ቤት እንግባ» ለማለት አይደለም። አንድ ነገር እንድታስተውሉልን ነው። ጌም ላይ ጎበዝ የሚያደርገው የጣት ፍጥነት ብቻ አይደለም። ከአንተ የሚሻል ሰው አጠገብ ብዙ ሰዓት መቀመጥ ነው። ወንዱ ልጅ ይህን ከሕፃንነቱ ጀምሮ ያገኘዋል። ሴቷ ወንድሟ ስልኩን ቻርጅ ላይ ሰክቶ ሲተኛ ነው የምታገኘው።

ስለዚህ «ሴቶች ለምን ከወንዶች እኩል አይጫወቱም?» የሚለው ጥያቄ መልስ እጃቸው ላይ አይደለም ያለው። መልሱ ማን የት፣ ከማን ጋር፣ ስንት ሰዓት ይለማመዳል የሚለው ላይ ነው።

«አንዴ ነይ!»

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ።

ሞባይል ሌጀንድስ አንዴ ከተጀመረ አይቆምም። ደረጃ የሚያስገኘውን ጨዋታ «ትንሽ ጠብቁኝ» ብሎ ማቆም የለም። ጥሎ የወጣ ሰው ይቀጣል። ቡድኑ በአራት ሰው ይቀራል፤ ወጪው የታማኝነት ነጥቡ ይቀነሳል። ነጥቡ ከተወሰነ በታች ሲወርድ ደግሞ ደረጃ ያለው ጨዋታ እንዳይጫወት ይታገዳል። ሕጉ ትክክል ነው፤ ጥለው የሚወጡ ሰዎች የሌላውን ድካም ያበላሻሉና።

ግን ሕጉ የተሠራው 15 ደቂቃ ሙሉ የማይጠራ ሰው ታስቦ ነው።

ከእኛ ቤት ማን ነው 15 ደቂቃ የማይጠራው? እንግዳ መጣ፣ ሻይ አፍዪ። ወጡን አማስዪ፣ እንዳያር። ሕፃኑን ያዢልኝ። ቡና ውቀጪ። ውሃ መጣች፣ ጀሪካኑን ሙዪ። እናቶቻችን ክፉ ሆነው አይደለም። ቤቱ ሥራ አለው፤ ሥራው ደግሞ በልማድ የሚጠራው ሴቷን ልጅ ነው። ወንድሟ እዚያው ሶፋ ላይ፣ እዚያው ጌም ላይ ተቀምጦ እያለ የሚጠራው የእሷ ስም ነው። «አንዴ ነይ» የምትለዋ ቃል ደግሞ «አንዴ» ሆና አታውቅም።

ስንሰባሰብ መጀመሪያ ያስተዋልነው ይህንን ነበር። አምስታችንም የታማኝነት ነጥባችን ዝቅተኛ ነበር። ጌሙ እኛን «ጥሎ የሚሄድ ተጫዋች» ብሎ ፈርጆናል። የሸሸ ግን አልነበረም። አንዳችን ወጥ ልናማስል፣ አንዳችን ለአያታችን የውዱእ ውሃ ልናቀርብ ነበር የሄድነው።

መፍትሔ ፈለግን። ከዒሻ ሶላት በኋላ፣ እራት በልተን ዕቃ ካጠብን በኋላ፣ ከምሽቱ 3 ሰዓት እስከ 4 ሰዓት ተኩል የእኛ ሰዓት እንዲሆን ወሰንን። በሳምንት ሦስት ቀን ብቻ። ለቤተሰብ በግልጽ ነገርን። የአንዳችን እናት መጀመሪያ ሳቁ፤ ከዚያ «ከማን ጋር ነው?» አሉ። አራታችንም በቪዲዮ ሰላም አልናቸው። አንድ በአንድ ስማችንን፣ የማን ልጅ እንደሆንን ጠየቁን። ከዚያ ቀን ጀምሮ 3 ሰዓት ሲሆን ወንድምየውን ነው «አንዴ ና!» የሚሉት። እሱም እያጉረመረመ ይሄዳል።

ታምናላችሁ? በአራት ወር ውስጥ ኤፒክ ከሚባለው ደረጃ ወጥተን፣ ሌጀንድን አልፈን፣ ሚቲክ ገባን። ጣታችን አልተቀየረም። የተቀየረው ሰዓታችን ነው።

ማይኩ ሲከፈት

ሁለተኛው ችግር ድምፅ ነው። በቡድን ጨዋታ ላይ መነጋገር ግማሽ ድል ነው። «የእነሱ ጃንግለር ወደ ላይ ሄዷል»፣ «አሁን እንግጠም»፣ «ተመለሱ» ማለት ካልቻልክ በጨለማ እንደመሄድ ነው። ከማታውቃቸው ሰዎች ጋር ስትጫወቺ ግን ማይኩን ከፍተሽ አንዲት ቃል ስትናገሪ ጨዋታው ይቀየራል። አንዱ ይሳደባል። አንዱ «ቆንጆ፣ ስልክ ስጪኝ» ይላል። ሌላው «ሴት አለች፣ በቃ ተሸንፈናል» ብሎ ገና ሳይጀመር ተስፋ ይቆርጣል። ስለዚህ ሴቷ ማይኳን ትዘጋለች። ስትዘጋ ወሬ አትሰማም፣ አታሰማም። በዚህ ምክንያት ትሸነፋለች። ስትሸነፍ ደግሞ «አላልኩም?» ይባላል።

ከመሃላችን ድምፅዋን ለባዕድ ወንድ ማሰማት የማትፈልግ አለች፤ ምንም የማይመስላትም አለች። ሁለቱንም አናስገድድም። አምስታችን ብቻ ስንሆን ግን ሁላችንም ማይካችንን ከፍተን እንጮሃለን፣ እንሳሳቃለን፣ እንቆጣጣለን። የሴቶች ቡድን ማለት ለእኛ በመጀመሪያ ይህ ነው፦ ማይክ የሚከፈትበት ቦታ።

«ወንድ ነው የሚጫወትላችሁ!»

ባለፈው ዓመት በኢንተርኔት በተካሄደ አንድ ውድድር ላይ ተመዘገብን። ለሁሉም ክፍት ነበር። አንድ ነገር ግን አስቀድመን አጣርተናል። መመዝገቢያ ብር ተሰብስቦ ያው ብር ለአሸናፊ የሚሰጥበት ውድድር ላይ አንገባም፤ ይህ ወደ ቁማር ይጠጋል ብለን ርቀነዋል። ይህኛው ምዝገባው ነፃ ነበር፤ ሽልማቱንም የሚሰጠው ሌላ ወገን ነው።

የመጀመሪያውን ዙር 2 ለ 0 አሸነፍን። ወዲያው ተቃራኒዎቻችን ክስ አቀረቡ፤ «ሴቶች አይደሉም፤ ወይ ወንድሞቻቸው ናቸው የሚጫወቱላቸው» አሉ። አዘጋጆቹ ካሜራ ከፍተን ፊታችንን እያሳየን እንድንጫወት ጠየቁን። እኛ ደግሞ «ፊታችን ምን ያደርግላችኋል? የሚጫወተው እጃችን ነው» አልናቸው። ካሜራውን እጃችንና ስልካችን ላይ አድርገን እንጫወት አልን። ብዙ ከተከራከርን በኋላ ተስማሙ። የሚቀጥለውን ጨዋታ አሥር እጆች እየታዩ ተጫወትን። አንዷ እጅ ላይ ያላለቀ ሒና ነበር። በዚያ ዙር ተሸነፍን፤ ነገር ግን ከዚያ በኋላ ማንም ክስ አላቀረበም።

ይህ በእኛ የተጀመረ እንዳይመስላችሁ። (ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመቶች በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) በ2016 ደቡብ ኮሪያ ውስጥ ኪም ሴ-ዮን የምትባል ገና ለጋ ልጅ ነበረች፤ የጌም ስሟ ጌጉሪ ነው። ኦቨርዎች በሚባለው ጌም ላይ ዒላማዋ ከመጠን በላይ ትክክል ስለነበር «በማጭበርበሪያ ፕሮግራም ነው የምትጫወተው» ብለው ከሰሷት። ከሳሾቿ ንፁህ ሆና ከተገኘች ጌሙን እስከማቆም እንደሚደርሱ ተናግረው ነበር። እሷ ምን አደረገች? ስቱዲዮ ሄዳ፣ እጇና ማውሷ በካሜራ እየታየ፣ በቀጥታ ሥርጭት ተጫወተች። ዒላማዋ ያው ነበር። በ2018 የሻንጋይ ድራጎንስ ቡድን አስፈረማትና በኦቨርዎች ሊግ የመጀመሪያዋ ሴት ተጫዋች ሆነች።

በ2019 ደግሞ ሊ ሺያውሜንግ የተባለች ቻይናዊት፣ በጌም ስሟ ሊዮን፣ አሜሪካ ካሊፎርኒያ ውስጥ በተካሄደው የሃርትስቶን የዓለም ፍፃሜ ተጋጣሚዋን 3 ለ 0 አሸንፋ 200,000 ዶላር ወሰደች። በዚያ ትልቅ መድረክ የመጀመሪያዋ ሴት ሻምፒዮን ነበረች። ከዓመታት በፊት ለውድድር ተሰልፋ ሳለ አንድ ሰው «ሴት ከሆንሽ እዚህ ሰልፍ ላይ መቆም የለብሽም» ብሏት እንደነበር ካሸነፈች በኋላ ተናግራለች።

ወደ ጎረቤት እንምጣ። ኬንያዊቷ ሲልቪያ ጋቶኒ፣ በጌም ስሟ ኩዊን አሮው፣ ተከን የተባለውን የፍልሚያ ጌም ትጫወታለች። በ2018 የውጭ ቡድን ሲያስፈርማት የሕግ ተማሪ ነበረች። ትምህርቷንም አልተወችም። «ጌም ወይስ ትምህርት?» ለሚሉን ወላጆች የምንሰጣቸው ምሳሌ እሷ ናት።

ለብቻ መወዳደር ይጠቅማል ወይስ ይጎዳል?

እዚህ ላይ እኛም እርስ በርስ የምንከራከርበት ጥያቄ ይመጣል። ጌም እንደ ሩጫ ወይም እንደ ክብደት ማንሳት አይደለም። ጉልበት አይጠይቅም። ታዲያ ለሴቶች የተለየ ውድድር ለምን አስፈለገ?

ታሪኩን ትንሽ እንይ። በ2004 ዩቢሶፍት የተባለው የጌም ኩባንያ ፍራግ ዶልስ የሚባል የሴቶች ቡድን አቋቁሞ ነበር። ሴቶቹ እውነትም ይጫወቱ ነበር፤ ኩባንያው የሰበሰባቸው ግን ጌሞቹን እንዲያስተዋውቁለትም ጭምር ነው። ከዚያ በኋላ የመጡት ሊጎች የተለየ ዓላማ ይዘው ተነሱ። ራዮት የተባለው ኩባንያ በ2021 ለቫሎራንት ጌም የሴቶችን ውድድር ጀመረ፤ ጌም ቼንጀርስ ይባላል። የመጀመሪያው የዓለም ፍፃሜ በ2022 በርሊን ላይ ተካሂዶ ጂቱ ጎዘን የተባለው ቡድን 3 ለ 2 አሸነፈ። በዚያው ዓመት ኢኤስኤል የተባለው አዘጋጅ ለካውንተር ስትራይክ የሴቶች ሊግ ከፈተ። ኢምፓክት ብሎ ሰየመው።

ኢምፓክት ግን በ2025 ተዘጋ። ስምንት የውድድር ዘመን ከቆየ በኋላ አዘጋጆቹ በገንዘብ ሊዘልቅ እንዳልቻለ ተናገሩ። አንድ ሊግ ሲዘጋ የሚጠፋው ዋንጫው ብቻ አይደለም። ቡድኖች ሴት ተጫዋቾችን ደሞዝ እየከፈሉ የሚያቆዩት የሚወዳደሩበት ሊግ ስላለ ነው። ሊጉ ከሌለ ደሞዙ አይኖርም፤ ደሞዝ ከሌለ በቀን ስድስት ሰባት ሰዓት የሚለማመድ አይኖርም።

ከመሃላችን ሁለቱ «የሴቶች ሊግ አጥር ነው» ይላሉ። እዚያው እርስ በርስ እየተጫወትን ከእኛ የሚሻል አናገኝም፤ ሰውም «የሴቶች ደረጃ» ብሎ ይንቀዋል ባዮች ናቸው። ሦስታችን ደግሞ «መሰላል ነው» እንላለን። ወንዱ ፕሌይስቴሽን ቤት አለው፤ ከሰፈር ወደ ክፍለ ከተማ፣ ከዚያ ወደ ላይ የሚወጣበት ደረጃ ደረጃ አለው። የሴቷ መሰላል የታችኞቹ ርከኖች የሉትም። የሴቶች ቡድንና ሊግ እነዚያን ርከኖች ይተካል።

ተከራክረን ተከራክረን የደረስንበት ስምምነት ይህ ነው፦ የምንለማመደው እርስ በርስ፣ የምንወዳደረው ግን ከሁሉም ጋር። የሴቶች ውድድር ሲኖር እንገባለን፤ ክፍት ውድድር ሲኖርም እንገባለን። ጌጉሪንም ሊዮንንም ያየን እንደሆነ ሁለቱም ለሁሉም ክፍት በሆነ መድረክ ላይ ነው የተጫወቱት። እነሱ ግን ከብዙ ሺህ አንድ ናቸው። የቀሩት ሺዎች የሚጀምሩበት ቦታ ያስፈልጋቸዋል።

ሪያድ ላይ የሆነውና የእኛ ጃንግለር

በ2024 ክረምት ሪያድ ውስጥ የመጀመሪያው የኢስፖርት የዓለም ዋንጫ ተካሄደ። ጠቅላላ ሽልማቱ ከ60 ሚሊዮን ዶላር በላይ ነበር። እዚያው ውስጥ የእኛ ጌም፣ ሞባይል ሌጀንድስ፣ የሴቶች ውድድር ነበረው። ሽልማቱ 500,000 ዶላር። በፍፃሜው የፊሊፒንሶቹ ኦሜጋ ኤምፕረስ፣ ለፈረንሳዩ ክለብ ቪታሊቲ የሚጫወቱትን ኢንዶኔዥያውያን አሸነፉ። በዓመቱ በ2025 እዚያው ሪያድ ተመልሰው የኢንዶኔዥያዎቹ ቪታሊቲዎች ዋንጫውን ወሰዱ።

ልዩነቱንም አንደብቃችሁም። በ2024 በዚያው ዝግጅት ላይ የዚሁ ጌም ዋና ውድድር ሽልማት 3 ሚሊዮን ዶላር ነበር፤ የሴቶቹ ስድስት እጥፍ ማለት ነው። ቢሆንም ያንን ፍፃሜ በስልካችን ስናይ ያለቀስን ነበርን። በዓለም ላይ ከሙስሊም ሕዝብ ብዛት ቀዳሚዎቹ ውስጥ ካለች አገር የመጡ ልጆች፣ በስልክ፣ እኛ በምንጫወተው ጌም፣ ሪያድ መድረክ ላይ! ጌሙ ያው ነው። ስልኩም ከእኛው ብዙ የተለየ አይደለም። የተለየው በአገራቸው ለሴቶች የሚሆን ውድድር፣ አሠልጣኝና የሚለማመዱበት ሰዓት መኖሩ ነው።

የእኛ ጃንግለር ያንን ፍፃሜ ስታይ «አንድ ቀን ሪያድ እንሄዳለን» አለች። እውነትም ሄደች። ግን በተጫዋችነት አይደለም።

የሄደችው አባቷ ታመው፣ ሁለት ታናናሾቿ ትምህርት ላይ ስለሆኑ ነው። ልንሸኛት ስንሄድ ማናችንም ስለ ጌም አላነሳንም። እሷ ራሷ ናት ያነሳችው፤ «ቦታዬን ለሌላ ስጡት፣ አራት ሆናችሁ እንዳትቆሙ» አለችን። እኛ ዝም አልን።

ሁለት ወር ያህል ድምፅዋ ጠፋ። ከዚያ አንድ ሌሊት ከ5 ሰዓት በኋላ ስሟ በስልካችን ላይ አረንጓዴ ሆኖ በራ። የሪያድና የአዲስ አበባ ሰዓት እኩል ነው፤ ሥራዋን ጨርሳ ክፍሏ የምትገባው ግን ያኔ ነው። «አንድ ጨዋታ ብቻ» አለች። ተኝተን የነበርነው ሁሉ ተነሳን። የሚያስቀው፣ የእሷ ኔትወርክ ከእኛ በጣም የፈጠነ ነው። አዲስ አበባ ሆነን እኛ ስንቆራረጥ እሷ እንደ ውሃ ትፈሳለች። 14 ደቂቃ ተጫወትን። አሸነፍን። «አልሐምዱሊላህ፣ ደህና እደሩ» ብላ ወጣች።

አሁን በሳምንት አንዴ፣ አንዳንዴ በሁለት ሳምንት አንዴ እናገኛታለን። ስለ ቤተሰቧ፣ ስለ ደሞዟ፣ ስለ ጤናዋ የምንሰማው በዚያች ጨዋታ ውስጥ ነው። ደውለን «ደህና ነሽ?» ስንላት «ደህና ነኝ» ብቻ ትላለች። እየተጫወተች ግን ታወራለች። አንዴ ሁለት ሳምንት ሙሉ ስታመም እንደነበር የነገረችን ማማ እያፈረስን ሳለ ነው። ቤተሰቧ አያውቁም ነበር። በማግስቱ እዚያው ሪያድ የሚኖሩ የአንዳችንን አክስት ስልክ ሰጠናት፤ ሐኪም ቤት ወሰዷት።

እንግዲህ «ጌም ለሴት ልጅ ምን ይጠቅማል?» ለሚለን ሰው መልሳችን ይህ ነው። የዶላሩን ነገር ተዉት፤ ከሺህ አንዱ ነው የሚያገኘው። እኛ ያገኘነው ግን ስንጠፋ የሚፈልገን፣ ስንታመም የሚያውቅልን ሰው ነው።

ትችታችሁንም እንሰማለን

«ጊዜ ማባከን ነው» የምትሉ አላችሁ። እውነት ነው፣ ሊሆን ይችላል። ሌሊቱን ሙሉ ተቀምጦ ፈጅር ሶላት የሚያልፈው፣ ፈተና የሚወድቀው፣ ገንዘቡን በጌም ውስጥ ልብስና ቀለም ላይ የሚጨርስ ወጣት እኛም እናውቃለን። ወንድም ሴትም። ለዚህ ነው ሕግ ያወጣነው። በሳምንት ሦስት ቀን፣ በቀን ከአንድ ሰዓት ተኩል አይበልጥም። ፈተና ያለባት አትጫወትም። በረመዷን ሙሉ በሙሉ እናቆማለን። በጌሙ ውስጥ ብር አናወጣም። ለማናውቀው ሰው ስልክ፣ ፎቶ፣ አድራሻ አንሰጥም። ሕጉን ጥሳ የተገኘች ለአንድ ሳምንት ትታገዳለች፤ እስካሁን ሦስት ጊዜ አግደናል።

ወላጆች ሆይ! ልጃችሁ ጌም የምትጫወት ከሆነ ስልኩን ከመንጠቃችሁ በፊት አጠገቧ ተቀመጡ። ከማን ጋር እንደምትጫወት ጠይቋት። ማን እንደሚያናግራት እወቁ። ተደብቃ የምትጫወት ልጅ የሚሰድባትም ሆነ የሚያታልላት ሰው ቢመጣ ለእናንተ አትነግራችሁም፤ «መጫወቱን ስለምታቆሙኝ» ብላ ትፈራለችና። በግልጽ የምትጫወት ልጅ ግን ትነግራችኋለች። ሰዓት ስጧት፤ ሰዓቱን ገድቡት፤ በዚያች ሰዓት ግን አትጥሯት። ወጡን ወንድሟ ያማስለው።

ወንድሞቻችን! እህታችሁ ስልካችሁን ስትነካ «ለሴት አይሆንም» ከማለት አሳዩዋት። እናንተ ከትልልቆቹ አጠገብ ቆማችሁ የተማራችሁትን እሷ የምትማርበት ቦታ ቤታችሁ ብቻ ነው። የማታውቋት ሴት ማይክ ከፍታ ስትናገር ሌላው ቢሳደብ ደግሞ ዝም አትበሉ፤ «ተዋት፣ ጨዋታውን ተጫወት» ማለት አንድ ደቂቃ አይወስድም።

እህቶቻችን! ግሩፕ ውስጥ «አንተ» ሲሏችሁ ዝም የምትሉ፣ «ሴት እኔ ብቻ ነኝ» የምትሉ፣ ብቻችሁን አይደላችሁም። እኛ የጃንግለራችንን ቦታ ለማንም አልሰጠንም፤ ግን እሷ በማትገባባቸው ቀናት የሚተኩ ሁለት ልጆች እያሠለጠንን ነው። አንዷ የ17 ዓመት ልጅ ናት፤ ባለፈው ሳምንት እናቷን ይዛ መጥታ አስተዋወቀችን። ሁለተኛ ቡድን ለመመሥረት ሦስት ሰው ይጎድለናል። ልምድ አንጠይቅም፤ ቤተሰቧ የሚያውቅላት፣ በሳምንት ሦስት ቀን ከምሽቱ 3 ሰዓት ጀምሮ የማትጠራ ብትሆን ይበቃናል።

ፍላጎቱ ያላችሁ በገፁ የውስጥ መስመር ጻፉልን። ከቻላችሁ እናታችሁም አብረው ይጻፉ።

ለጃንግለራችንም ዱዓ አድርጉላት። ኮንትራቷ የሁለት ዓመት ነው። አላህ በሰላም ይመልሳት!